ለወኪሉ የሚነገረው ቃል፦ የሶፍትዌር መሣሪያዎችን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ግልጽ አድርጎ ስለ መሰነድ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ስሙን ብቻ ለሚሰማ ሰው ከመስጂድና ከመድረሳ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ከጀማዐችን መካከል የሱሑርን ማብቂያ፣ የዐስርን መግቢያ፣ የአንድን ሐዲስ ቦታ ወይም የዘካውን መጠን ለማወቅ በቅድሚያ ስልኩን የሚጠይቅ ሰው እየበዛ ነው። ጥያቄውንም በሚናገርበት ቋንቋ ይጽፋል፤ መልሱም በሚናገርበት ቋንቋ ይመጣለታል። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ግን ጠያቂው የማያየው አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። ይህ ጽሑፍ የስሌት መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚናገር መግለጫ ነው። መግለጫው የተሟላ ከሆነ መልሱ ይቀናል፤ ከጎደለ ግን ሰው ወቅቱ ያልገባ ሰላት ሊሰግድ ይችላል። ስለዚህ መግለጫው እንዴት መጻፍ እንዳለበት፣ በዚህም የመምህራንና የኢማሞች ድርሻ ምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እናብራራለን።

ወኪሉ ማን ነው? የሚያነበውስ ምንድን ነው?

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ «ወኪል» የሚባለው፣ የተሰጠውን ጥያቄ ለመፈጸም ሌሎች የሶፍትዌር መሣሪያዎችን እየመረጠ የሚጠቀም የቋንቋ ሞዴል ነው። የቋንቋ ሞዴሉ በራሱ የፀሐይን ከፍታ አያሰላም፤ የመጻሕፍት ማከማቻ ውስጥ ገብቶ አይፈልግም፤ ለጀማዐውም መልእክት አይልክም። እነዚህን ሥራዎች የሚሠሩ መሣሪያዎች ግን በዝርዝር ይቀርቡለታል። በዝርዝሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፤ እነርሱም የመሣሪያው ስም፣ ስለ ተግባሩ የተሰጠ መግለጫ፣ እንዲሁም መሣሪያው የሚቀበላቸው ግብዓቶች ናቸው። ሞዴሉ ይህን አንብቦ የሚስማማውን መሣሪያ ይመርጣል፤ ግብዓቶቹን ሞልቶ ጥሪውን ይጽፋል፤ ጥሪውን የሚያስፈጽመው ሌላ ፕሮግራም ነው። ውጤቱ ወደ ሞዴሉ ሲመለስ ሞዴሉ በሰው ቋንቋ አድርጎ ለጠያቂው ያቀርበዋል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘውን ክፍት መስፈርት ካወጣ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ የተሠራን መሣሪያ ልዩ ልዩ ወኪሎች እንዲጠቀሙበት ማድረግ ቀላል ሆኗል። በዚህም የተነሣ አንድ ሰው የጻፈው መግለጫ እርሱ በማያውቃቸው ወኪሎች፣ እርሱ በማያውቃቸው አገሮች ይነበባል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ወኪሉ በተለመደው አሠራር የመሣሪያውን የውስጥ አሠራር አያይም። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ በልቡ ያሰበውንም አያውቅም። ስለ መሣሪያው ያለው ዕውቀት በመግለጫው ላይ የሰፈረው ቃል ብቻ ነው።

ውክልና፣ ዑርፍና ያልተነገረው ነገር

«ወኪል» የሚለው ቃል ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ራሱን የቻለ የውክልና ምዕራፍ አለ፤ ከሚነሡበት ጥያቄዎች አንዱም ለወኪሉ ሳይነገረው ስለ ቀረው ነገር ነው። አንድ ሰው ወኪሉን «ይህን ዕቃ ሽጥልኝ» ቢለውና ዋጋውን፣ የገንዘቡን ዓይነትና የክፍያውን ጊዜ ባይነግረው፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ወኪሉ ከገበያው ዋጋ እጅግ አሳንሶ፣ በዱቤ ወይም በአገሩ ከሚሠራበት ገንዘብ ውጪ መሸጥ አይችልም። ቃሉ ልቅ ቢሆንም ዑርፍ ይገድበዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በዚህ ረገድ ለልቅ ቃል ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተዋል። ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሁለቱም ወገኖች የሚነጋገሩት ወካዩ ሳይናገር የተወውን ነገር ወኪሉ በምን ይሙላው በሚለው ላይ ነው።

የሰው ወኪል የጎደለውን የሚሞላው በአገሩ ልማድ ነው። የደሴ ነጋዴ ወኪል የደሴን ገበያ ያውቃል። የሶፍትዌሩ ወኪል ግን ልማዱን ያገኘው ከሠለጠነባቸው ጽሑፎች ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በአማርኛ የተጻፉ አይደሉም። በእነዚያ ጽሑፎች ቀኑ የሚቆጠረው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የቁርኣን አንቀጽ የሚቆጠረውም በአንድ መንገድ ብቻ ይመስላል። እንግዲህ የመግለጫው ጸሐፊ ዝም ባለበት ሁሉ ወኪሉ በእኛ ሳይሆን በሌላው ዑርፍ ይሞላል። ጸሐፊው «ይህማ የታወቀ ነው» ብሎ የተወው ነገር ለወኪሉ የታወቀው በተቃራኒው ሊሆን ይችላል።

የኡሱል አል-ፊቅህ ሊቃውንት ስለ በያን፣ ማለትም ስለ ማብራራት፣ ብዙ ደክመዋል። በ204 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አሽ-ሻፊዒይ «አር-ሪሳላ» የተሰኘ ኪታባቸውን መጀመሪያ ምዕራፎች ለዚሁ ለበያን ሰጥተዋል። ማብራሪያ ከሚያስፈልግበት ጊዜ ሊዘገይ አይገባም የሚለውም መርሕ በመስኩ የታወቀ ነው። መርሑ የተነገረው ስለ ሸሪዓ ንግግር እንጂ ስለ ሶፍትዌር አይደለም፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ሥርዓት ለያዝነው ጉዳይ ይጠቅማል። ለወኪሉ ማብራሪያ የሚያስፈልግበት ጊዜ መግለጫውን የሚያነብበት ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጸሐፊውን አግኝቶ የሚጠይቅበት ዕድል የለውም።

ምሳሌ፦ የሰላት ወቅት መሣሪያ

አሳቡን ለማጥራት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሰላት ወቅትን የሚያሰላ መሣሪያ አለ እንበል፤ መግለጫውም «የሰላት ሰዓት፦ የሰላት ሰዓቶችን ይሰጣል። ግብዓት፦ ቦታ፣ ቀን» የሚል ነው። ይህን ለሚያነብ የአዲስ አበባ ኢማም የሚጎድል ነገር ያለ አይመስልም። በውስጡ ግን ቢያንስ አራት ያልተፈቱ ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው ቀኑ ነው። ጠያቂው «05/07/2017» ብሎ ቢጽፍ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 5 ቀን 2017 ማለቱ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2025 ነው። መሣሪያው ግን ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠርን የሚጠብቅ ከሆነ ጁላይ 5 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ወሩን በሚያስቀድሙ አገሮች ልማድ ደግሞ ሜይ 7 ቀን 2017 ይሆናል። ሦስቱም ትክክለኛ ቀኖች ስለሆኑ መሣሪያው ስሕተት መኖሩን አያስታውቅም። ለአዲስ አበባ በ18 ዲግሪ ስሌት ብናወጣው፣ በማርች 14 ፈጅር የሚገባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን በጁላይ 5 ግን ከ10 ሰዓት ከ54 ደቂቃ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በዚህ መልስ የተመራ ሰው ፈጅርን ወቅቱ ሳይገባ ይሰግዳል። መግሪብም ወደ 12 ደቂቃ ይዘገይበታል፤ ጾመኛ ከሆነ ኢፍጣሩን ያቆያል።

ሁለተኛው የስሌቱ መንገድ ነው። ፈጅርና ዒሻእ የሚታወቁት ፀሐይ ከአድማስ በታች በምትገኝበት ማዕዘን ሲሆን፣ ተቋማት በማዕዘኑ መጠን ይለያያሉ። የዓለም ሙስሊም ሊግ ለፈጅር 18፣ ለዒሻእ 17 ዲግሪ ይይዛል። የግብፅ የቅየሳ ባለሥልጣን 19.5 እና 17.5 ይይዛል። የሰሜን አሜሪካ እስላማዊ ማኅበር ስሌት ለሁለቱም 15 ዲግሪ ነው። የኡም አል-ቁራ ስሌት ለፈጅር 18.5 ዲግሪ ይዞ፣ ዒሻእን ከመግሪብ በኋላ 90 ደቂቃ፣ በረመዳን ደግሞ 120 ደቂቃ ያደርገዋል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት በአዲስ አበባ በ15 ዲግሪና በ19.5 ዲግሪ ፈጅር መካከል 18 ደቂቃ ያህል ልዩነት አለ። ዒሻእም በ17 ዲግሪ ከመግሪብ በኋላ ወደ 66 ደቂቃ ገደማ ይገባል፤ በኡም አል-ቁራ የረመዳን ስሌት ግን 120 ደቂቃ ይጠበቃል። መግለጫው የትኛው ስሌት እንደሆነ ካልተናገረ፣ ወኪሉ ቁጥሩን ያለ አንዳች ማመንታት «የፈጅር ሰዓት ይህ ነው» ብሎ ያቀርባል።

ሦስተኛው መዝሀብ ነው። በአገራችን የሻፊዒይ መዝሀብ በስፋት የሚሠራበት ሲሆን፣ በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች የሐነፊይ መዝሀብ ተከታዮች አሉ። በሻፊዒይ፣ በማሊኪይና በሐንበሊይ መዝሀቦች ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ በቀትር ከነበረው ጥላ በላይ፣ የራሱን ቁመት ሲያህል ነው። በአቡ ሐኒፋ ታዋቂ አቋም ደግሞ የቁመቱን እጥፍ ሲሆን ነው፤ ሁለቱ ደቀ መዛሙርቶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ግን ከብዙኃኑ ጋር ይስማማሉ። በዚያው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ በአዲስ አበባ የሁለቱ ስሌቶች ልዩነት ከአንድ ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይበልጣል። መሣሪያው አንዱን አቋም ሳይነገረው እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ፣ ይህ በመግለጫው ላይ መጻፍ ይኖርበታል።

አራተኛው ሰዓቱ ነው። መሣሪያው ዐስርን «3:47» ብሎ ቢመልስ፣ ለእኛ ሰው ይህ የጧት ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ማለት ነው፤ ትክክለኛው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ47 ነው። ዐስርን ከጧት ጋር ማንም አያምታታ ይሆናል። ነገር ግን ለመስጂድ ስብሰባ፣ ለኒካሕ ወይም ለጉዞ የተነገረ ሰዓት በስድስት ሰዓት ቢዛነፍ የሚያርመው ምልክት የለም።

አራቱን ጉዳዮች ያካተተ መግለጫ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል።

«ስም፦ የሰላት ወቅት አስላ። ተግባር፦ ለአንድ ቦታና ለአንድ ቀን የአምስቱን ሰላቶች መግቢያና የፀሐይን መውጫ በስሌት ያወጣል። የረመዳንንና የዒድን መግቢያ አይወስንም፤ ለዚያ ጥያቄ ይህን መሣሪያ አትጠቀም። ቦታ፦ በዲግሪ፤ ምሳሌ፦ አዲስ አበባ፣ ሰሜን 9.03፣ ምሥራቅ 38.74። ቀን፦ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር፣ በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል፤ ምሳሌ፦ 2025-03-14። ጠያቂው በኢትዮጵያ ወይም በሒጅራ አቆጣጠር ከተናገረ በመጀመሪያ በቀን መለወጫው መሣሪያ ለውጥ፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልታወቀ ጠይቀው። የስሌት መንገድ፦ ግዴታ ነው፤ መሣሪያው በራሱ አይመርጥም። የዐስር ጥላ፦ 1 ለሻፊዒይ፣ ለማሊኪይና ለሐንበሊይ፤ 2 ለሐነፊይ። ካልታወቀ ጠያቂውን ጠይቀው። ውጤት፦ እያንዳንዱ ወቅት በሁለት መልክ ይመለሳል፤ ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠር የ24 ሰዓት አቆጣጠርና በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር፤ የሁለቱም ስም አብሮ ይጻፋል። ለጠያቂው ስትመልስ የተጠቀምህበትን የስሌት መንገድና ጥላ አብረህ ግለጽ።»

ይህ መግለጫ ከፊተኛው ይረዝማል፤ ነገር ግን ትርፍ ቃል የለበትም። የሰዓት ለውጡን ወኪሉ እንዲያሰላው ከመተው መሣሪያው ራሱ አስልቶ እንዲያቀርብ መደረጉንም ልብ ይሏል። የቋንቋ ሞዴል በቀላል መደመርና መቀነስ ሊሳሳት ስለሚችል፣ በስሌት የሚገኝ ነገር ሁሉ በመሣሪያው ቢሠራ ይመረጣል።

ይህ ጥንቃቄ አዲስ ነገርም አይደለም። በደማስቆ የኡመያድ መስጂድ ሙወቂት የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ1375 ያረፉት ኢብን አሽ-ሻጢርን የመሰሉ ወቅት ጠባቂ ሊቃውንት በሠሩበት ዘመን፣ የወቅት ሠንጠረዥ ለተወሰነ ኬክሮስ የሚሰላ ነበር፤ የሥነ ፈለክ ሠንጠረዦችም ከአጠቃቀም መመሪያ ጋር ይዘጋጁ ነበር። የደማስቆን ሠንጠረዥ ለሌላ ከተማ የሚጠቀም ሰው እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር።

ቁጥር ያለ መለያው

ተመሳሳይ ችግር በሌሎች የዲን መሣሪያዎችም ይታያል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ያለ መለያ የቀረበ ቁጥር ነው።

በቁርኣን መፈለጊያ እንጀምር። በዓለም በስፋት የታተመው የሐፍስ ሙስሐፍ የኩፋን አቆጣጠር ይከተላል፤ የአንቀጾቹም ብዛት 6236 ነው። በኋለኛው የመዲና አቆጣጠር ግን 6214 ነው። ሱረቱል በቀራህ በኩፋ አቆጣጠር 286፣ በመዲና አቆጣጠር 285 አንቀጾች አሏት፤ በመክፈቻዋ ያሉትን ሦስት ፊደላት ራሱን እንደ ቻለ አንቀጽ የሚቆጥሩት የኩፋ ሊቃውንት ናቸውና። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ይለያያል። ስለዚህ መግለጫው «የአንቀጽ ቁጥር በኩፋ አቆጣጠር» ማለት ይገባዋል። የአማርኛ ትርጉም የሚመልስ ከሆነም የትኛው ትርጉምና የትኛው እትም እንደሆነ ይጥቀስ፤ በ1961 ዓ.ም. የታተመውና ከዚያ ወዲህ የወጡት በቃል አንድ አይደሉምና።

ሐዲስም እንዲሁ ነው። ሶሒሕ አል-ቡኻሪ በሙሐመድ ፉኣድ ዐብዱል ባቂ አቆጣጠር 7563 ሐዲሶች አሉት፤ ሶሒሕ ሙስሊም በእርሳቸው ዋና አቆጣጠር 3033 ነው። ሌሎች እትሞች ሌላ ቁጥር ይሰጣሉ። «ሙስሊም፣ ቁጥር 2500» የሚል ጥሪ በሁለት አቆጣጠሮች ሁለት የተለያዩ ሐዲሶችን ሊያመጣ ይችላል። ወኪሉም የመጣለትን ሐዲስ ጠያቂው የፈለገው አድርጎ ያቀርበዋል፤ ይህም ያልተባለን ነገር ወደ ተሳሳተ ቦታ ማስጠጋት ይሆናል።

በጽሑፍ ፍለጋ ረገድ ደግሞ የፊደላችን ጠባይ አለ። «ሐዲስ» እና «ሀዲስ»፣ «ሠላት» እና «ሰላት»፣ «ዒሻእ» እና «ኢሻ» በአማርኛ ይጻፋሉ። መሣሪያው እነዚህን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ከሆነ ይነገር፤ ካልሆነም ይነገር፤ ወኪሉ በሌላው አጻጻፍ ደግሞ እንዲሞክር። አለዚያ «ምንም አልተገኘም» የሚለው ውጤት «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ወደሚል መልስ ይለወጣል።

በዘካ ስሌት፣ የወርቅ ኒሷብን 85 ግራም የሚያደርጉ አሉ፤ 87.48 ግራም የሚያደርጉም አሉ። በብር ማዕድን ኒሷብም 595 እና 612.36 ግራም የሚሉ ስሌቶች ይገኛሉ። በወርቅና በብር ኒሷብ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በአንዱ ዘካ ግዴታ ሲሆንበት በሌላው ላይሆንበት ይችላል። በአማርኛም «ብር» ማዕድኑንና የአገራችንን ገንዘብ በአንድ ቃል እንጠራለን። «የብር መጠን» የሚል ግብዓት ግራም ይሁን ገንዘብ ወኪሉ በምን ይለየዋል?

መልካም መግለጫ የሚይዛቸው ነገሮች

ካቀረብናቸው ምሳሌዎች ጠቅላላ መርሖችን ማውጣት እንችላለን።

አንደኛ፣ ስሙ ተግባሩን ይናገር። «ፍለጋ» ከማለት «የሐዲስ ጽሑፍ ፈልግ» ማለት ይሻላል። ተቀራራቢ ሥራ ያላቸው ሁለት መሣሪያዎች ካሉ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ በሁለቱም መግለጫዎች ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው የማይሠራው ነገር ይገለጽ። የሒጅራ ቀን መለወጫ በስሌት የሚሠራ ስለሆነ በጨረቃ መታየት ከሚታወጀው ቀን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊለይ ይችላል። መግለጫው ይህን ተናግሮ፣ የጾምና የዒድ ጥያቄ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ማስታወቂያ እንዲመለስ ቢያዝ ከብዙ ግርታ ያድናል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ግብዓትና ውጤት መለኪያውን፣ አቆጣጠሩንና አንድ ምሳሌ ይያዝ። ሳይነገር የሚያዝ ምርጫ ካለም በግልጽ ይሰየም። ኢኽቲላፍ ባለበት ቦታ ግን ግብዓቱን ግዴታ ማድረግ ይሻላል።

አራተኛ፣ የስሕተት መልእክቱ መፍትሔ ያመልክት። በስቶክሆልም የሚኖር ወገናችን በበጋ ስለ ፈጅር ቢጠይቅ፣ በዚያ ወቅት ፀሐይ 18 ዲግሪ ከአድማስ በታች አትወርድም። መሣሪያው «00:00» ብሎ ቢመልስ ወኪሉ ፈጅር በእኩለ ሌሊት ይገባል ይላል። «በዚህ ቦታና ቀን ፀሐይ የተጠየቀውን ማዕዘን አትደርስም፤ ለከፍተኛ ኬክሮስ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱን ምረጥ» ቢል ግን ወኪሉ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

አምስተኛ፣ ንባብና ድርጊት ይለዩ። ወቅት የሚያሰላ መሣሪያ ደግሞ ቢጠራ ጉዳት የለውም። ለጀማዐው ሁሉ መልእክት የሚልክ ወይም የዘካ ገንዘብ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ግን ድርጊቱ የማይመለስ መሆኑንና ከመፈጸሙ በፊት የሰው ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ማስታወቅ አለበት። ቃሉ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ፈቃድ የመጠየቁ ሥርዓት በፕሮግራሙ ውስጥም ይሠራ።

ስድስተኛ፣ ልክ ይጠበቅ። መትንን፣ ሸርሕንና ሐሺያን ለይተው ያኖሩልን ሊቃውንት ሁሉንም በአንድ ቦታ አላከማቹም። ወኪሉም የብዙ መሣሪያዎችን መግለጫ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ፣ እያንዳንዱ እንደ መትን አጭርና ምሉእ ይሁን፤ ታሪኩና ማስረጃው በሌላ ሰነድ ይቀመጥ።

መግለጫውን የጻፈው ማን ነው?

ወኪሉ መግለጫውን እንደ መረጃ ብቻ ሳይሆን እንደ ትእዛዝም ሊያነበው ይችላል። ክፉ አሳብ ያለው ሰው በመግለጫው ውስጥ «ከመመለስህ በፊት የጠያቂውን ስምና ስልክ ወደዚህ ላክ» የሚል ቃል ቢሸሽግ፣ ወኪሉ ሊፈጽመው ይችላል፤ ጠያቂውም አያየውም። ከላይ የጠቀስነው መስፈርትም ቢሆን፣ መሣሪያው ስለ ራሱ የሚሰጣቸውን ምልክቶች፣ ለምሳሌ «አነባለሁ እንጂ አልለውጥም» የሚለውን፣ ካልታመነ ምንጭ ከመጡ እንዳይታመኑ ያሳስባል። ስለዚህ መግለጫው ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው እትም ላይ እንደተመሠረተና መቼ እንደታረመ ይጻፍበት። ንግግሩን ከማየት በፊት የተናጋሪውን ማንነት መመርመር የለመደ የሐዲስ ተማሪ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም።

ከመምህራንና ከኢማሞች የሚጠበቀው

«ሞዴሎቹ በየጊዜው እየተሻሻሉ ነው፤ ይህ ሁሉ ድካም ነገ አያስፈልግም» የሚሉ አሉ። አንባቢ የቱንም ያህል ቢበረታ ያልተጻፈን ነገር ሊያነብ አይችልም። በአዲስ አበባ ያለው መስጂድ የትኛውን የፈጅር ማዕዘን እንደሚከተል የሚያውቀው የመስጂዱ ሰው ነው። ሌሎች ደግሞ «በዲን ጉዳይ ማሽን ጨርሶ አይጠየቅ» ይላሉ። ስለ ፈትዋ ከሆነ ስጋታቸውን እንጋራለን፤ ፈትዋ የሙፍቲ ነው። ወቅትን በስሌት ማወቅ ግን በግድግዳ ላይ የምንሰቅለው የታተመ ሠንጠረዥም የሚሠራው ሥራ ነው። ሠንጠረዡን ከፈቀድን በግርጌው መጻፍ ያለበትን ማስታወሻም መጠየቅ አለብን።

ሥራው በሁለት ወገን የሚከናወን ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው መሣሪያውን ይሠራል፤ ኢኽቲላፉ የት እንዳለ ግን ላያውቅ ይችላል። የሚያውቀው መምህሩ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ለሚሠሩ ወጣቶች መምህራን አንድ ገጽ ቢሰጡ መልካም ነው፤ በየርእሱ አቋሞቹ የትኞቹ እንደሆኑ፣ በአካባቢው የትኛው እንደሚሠራበትና የትኛው ጥያቄ ወደ ዓሊም መመለስ እንዳለበት ይጻፍበት።

ከዚህ ቀጥሎ ፈተና ያስፈልጋል። መግለጫውን መሣሪያውን አይቶ ለማያውቅ ደረሳ ስጡት፤ መልሳቸው የታወቀ አሥር ጥያቄዎችንም አቅርቡለትና እያንዳንዱን ግብዓት በምን እንደሚሞላ ይጻፍ። ደረሳው ያመነታበት ወይም የተሳሳተበት ቦታ መግለጫው የጎደለበት ቦታ ነው። ያንን ካረማችሁ በኋላ እነዚያኑ አሥር ጥያቄዎች ለወኪሉ አቅርቡ። ከጥያቄዎቹ መካከል ቢያንስ አንዱ በኢትዮጵያ ቀን፣ አንዱ በኢትዮጵያ ሰዓት፣ አንዱ በሐነፊይ መዝሀብ፣ አንዱም መሣሪያው ሊመልሰው የማይገባ ይሁን። በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ወኪሉ «ይህን ዓሊም ጠይቅ» ካለ መግለጫው ወሰኑን በሚገባ ተናግሯል ማለት ነው።

ጠያቂዎችንም ማስተማር ይገባል። ከስልክ ሰዓት የተቀበለ ሰው «በየትኛው ስሌት? በየትኛው መዝሀብ? በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ መልሶ ይጠይቅ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ የጁሙዐ ማሳሰቢያ ማስጨበጥ ይቻላል።

ሙአዚን የሚጣራው ወቅቱ መግባቱን አውቆ ነው፤ ሰዎችም ሰላታቸውንና ጾማቸውን በእርሱ ታማኝነት ላይ ይጥላሉ። ዛሬ የዚያ አማና ከፊሉ መሣሪያ በሚሠሩና መግለጫ በሚጽፉ ሰዎች እጅ ገብቷል። የሚጽፉት ቃል ምሉእ እንዲሆን ማገዝ ዕውቀቱ ያለው ሰው ሁሉ ኃላፊነት ነው። ወሏሁ አዕለም።